መኪና ሲጋጭ፤ ካሣውን የሚወስነው ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሁለት መኪናዎች የተጋጩ እንደ ሆነ፥ መጀመሪያ የሚሰማው የብረቱ ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ የሾፌሮቹ ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ማንም ሳይሾመው ዳኛ የሆነው መንገደኛ ፍርዱን ይሰጣል። በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ኢንሹራንስ የገባው ባለመኪና «እኔ ምን ቸገረኝ፤ ኢንሹራንስ ይከፍልልኛል» እያለ ልቡን ያጽናናል። መክፈሉንስ ይከፍላል። ነገር ግን ስንት እንደሚከፍል ባለመኪናው የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን ጉዳይ ከአንባቢዎቻችን ጋር ጥቂት ልንመለከተው ወደናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የተጎዳ ሰው ካለ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። የመኪናው ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሣ ድረስም ባለመኪናው የሌላውን መኪና ታርጋ፥ የሾፌሩን ስምና መንጃ ፈቃድ፥ የምስክሮችን አድራሻ ቢጽፍ፥ በስልኩም የመኪናዎቹን አቋቋም ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ቢያነሣ ይጠቀማል። ይህን ማድረግ ከጭቅጭቁ ይሻላል፤ ምክንያቱም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ይገምታል። ጥፋቱ በሙሉ ወይም በይበልጥ የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ጉዳቱን በየግማሹ ይካፈላሉ ማለት ነው። ማስረጃ ያልያዘ ሰው እንግዲህ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ግማሹን ዕዳ ሊሸከም ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን መልካም ልማድ የሚነካ ነገር አለ። ሰው ተጋጭቶ ሲካሰስ ማየት የሚከብደን ሕዝብ ስለ ሆንን፥ ወዲያው ሽማግሌ ይገባል፤ «ተውት፤ ብረት ነው፤ ነፍስ ተርፏል» ይባላል፤ ሁለቱም ይጨባበጣሉ። እርቁን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን በእርቁ መካከል «ከእርሱ የምጠይቀው የለኝም» የሚል ወረቀት የተፈረመ እንደ ሆነ ነገሩ ይበላሻል። ኢንሹራንስ ኩባንያው ለደንበኛው ከከፈለ በኋላ በደንበኛው ቦታ ተተክቶ ጥፋተኛውን የመጠየቅ መብት አለው። ይህን መብት ደንበኛው በፊርማው ካጠፋው ኩባንያውም ካሣውን ሊነፍገው ይችላል። እንዲሁም ኩባንያው ሳያውቅ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ መፈረም በውሉ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሰላምታውና ይቅርታው ይቅደም፤ ፊርማው ግን ይቆይ።

ከዚህ በኋላ ለኩባንያው ማስታወቅ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ለዚህ የሰጠው ጊዜ አደጋው ከታወቀበት ቀን አንሥቶ 5 ቀን ነው። ከፖሊስ ማስረጃው ጋር ሊብሬው፥ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ውሉ ይቀርባሉ። የመንጃ ፈቃዱ ዘመን አልፎ ከተገኘ ወይም መኪናውን ለመንዳት የማይበቃ ደረጃ ከሆነ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። መኪናውንም የኩባንያው መርማሪ ሳያየው ወደ ጋራዥ አስገብቶ ማስጠገን አይገባም፤ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃም መጣል አይገባም፤ ኩባንያው ይጠይቀዋልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ካሣ በሚጠየቅበት በአንድ ቢሮ ተቀምጠን ባለጉዳዮችን ስናዳምጥ፥ የሚኒባስ ባለቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ወረቀት ይዘው ቆመው ነበር። «ልጄ፥ ሙሉ ኢንሹራንስ ነው የገባሁት፤ ግማሹ የት ሄደ?» ይላሉ። ጸሐፊዋም «አባቴ፥ መኪናዎ የተመዘገበው በድሮው ዋጋ ነው» ትላቸዋለች። ሽማግሌው ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። አልገባቸውም ማለት አይደለም፤ ማመን አቅቷቸው ነው። የቤታቸው እንጀራ ከዚያች መኪና ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መኪና በገበያ 2,000,000 ብር ያወጣል እንበል። ባለቤቱ ግን ውሉን ያሳደሰው በ1,000,000 ብር ነው። አደጋ ደርሶ ጥገናው 400,000 ብር ቢጠይቅ፥ ባለቤቱ «ከሚሊዮኑ ውስጥ 400,000 ብር ይሰጠኛል» ብሎ ያስባል። ኩባንያው ግን የሚከፍለው 200,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰስ የሚባለው የባለመኪናው ድርሻ ይቀነሳል። ይህ የኩባንያዎች ተንኮል ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ሕጉን ማየት ይገባል እንላለን። የንግድ ሕጉ፥ ንብረቱ ከተዋዋሉበት ገንዘብ በላይ ዋጋ ያለው ሆኖ ከተገኘ፥ ለልዩነቱ ባለንብረቱ ራሱ የራሱ ኢንሹራንስ እንደ ሆነ ይቆጥረዋል። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ባለመኪናው ለግማሹ ዓረቦን አልከፈለም፤ ስለዚህ ግማሹን ጉዳት ራሱ ይችላል።

ኩባንያዎቹን ግን ከወቀሳ ነፃ አናደርጋቸውም። ውሉ በየዓመቱ ሲታደስ ዓረቦኑን ተቀብሎ ደረሰኝ የሚቆርጠው ሠራተኛ «የመኪናዎ ዋጋ ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ንሯልና፥ ከዚያ በፊት በተጻፈ ዋጋ የሚነዳ ሰው ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ማለቱ በስም ብቻ ነው። ዋጋውን ለማስተካከል የዓመቱን መጨረሻ መጠበቅም ግድ አይደለም፤ ለቀሩት ወራት ልዩነቱን ከፍሎ በመካከል ማስጨመር ይቻላል። በሌላ በኩል ደግሞ ከገበያው ዋጋ በላይ ማስመዝገብ ዓረቦን ማባከን ነው፤ ካሣው ከንብረቱ እውነተኛ ዋጋ አያልፍምና።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ባለመኪናው ነው። መኪና የሌለው እግረኛስ? ለእርሱ የቆመው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፥ ኋላም በ2005 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 799፥ ማንኛውም ባለመኪና ይህን ኢንሹራንስ እንዲገባ አስገድደዋል፤ የተጎዳም ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግገዋል። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ማንነቱ ካልታወቀ ወይም ገጪው ኢንሹራንስ የሌለው ከሆነ፥ ካሣ የሚከፍል የመድን ፈንድም ተቋቁሟል። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሰውየው አምልጧል፤ ማንን እንከሳለን ብለው ቁስለኛቸውን በራሳቸው ገንዘብ ያስታምማሉ፤ ለፖሊስም ሳያመለክቱ ይቀራሉ። ፈንዱን ለመጠየቅ ግን የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ያም ማስረጃ የሚገኘው በዚያው ሰሞን ያመለከቱ እንደ ሆነ ነው። ባለመኪናውም ቢሆን በኢንሹራንስ ውሉ መሠረት ካሣ የመጠየቅ መብቱ ከ2 ዓመት በኋላ በይርጋ ይቀርበታል።