«ሐላል ነው፤ ለእኔ ግን አይስማማኝም»፦ ከሴሊያክ ጋር በጅጅጋ ገበታ



ጅጅጋ ውስጥ ተጠርቶ ገበታ ላይ እጁን የሚሰበስብ ሰው ወዲያው ይታያል። ባለፈው ረመዳን ኤዶ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤታችን ኢፍጣር ጋበዙን። ተምር ቀመስኩ፣ ውኃ ጠጣሁ። ሾርባው፣ ሳምቡሳውና አንጄሮው ሲቀርብ ግን እጄን ሰበሰብኩ። የኤዶ ፊት ተለወጠ። «ልጄ፣ ቤቴን ተጠየፍከው? ስጋው እኮ ሐላል ነው» አሉኝ። ስጋው ሐላል ነበር፤ ቤቱም ንጹሕ። እኔን የሚጎዳኝ ስንዴው ነበር። ይህንን በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት እንዴት እንደማስረዳቸው ስላላወቅሁ «ሆዴን አሞኛል» ብዬ አለፍኩት። የዛሬው ጽሑፍ ያን ማታ ለኤዶ ልነግራቸው የሚገባኝ ነገር ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ኢስላማዊ ጥናት ነው፤ ለዓመታትም አስተምሬያለሁ። ሴሊያክ እንዳለብኝ ከመታወቁ በፊት ሦስት ዓመት ሙሉ የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት ስውጥ ከርሜያለሁ። ክፍል ውስጥ ቆሞ ማስተማር እስኪያቅተኝ ደርሼ ነበር። «ዓይን ነው» ያለኝም አልጠፋም። ሩቅያ ማድረግ መልካም ነው፤ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ግን አያግድም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል።

ሴሊያክ ምንድን ነው?

ስንዴ፣ ገብስና ራይ የተባሉት እህሎች ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሊጡን የሚያያይዘውና ዳቦው እንዲነፋ የሚያደርገው እሱ ነው። አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ ግን የሰውነቱ የመከላከያ ኃይል በራሱ ትንሹ አንጀት ላይ ይነሳል። የአንጀቱ ውስጠኛ ግድግዳ ምግብን በሚመጡ ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ እነሱ ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። ስለዚህ በሽተኛው እየበላ ይራባል። ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን በአንጀቱ አልፈው ይሄዳሉ እንጂ ወደ ደሙ በቅጡ አይገቡም።

ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ለወራት የማይቆም ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋትና የክብደት መቀነስ ያጋጥመዋል። ሌላው ሆዱን ምንም ሳያመው፣ ኪኒን ቢወስድም የማይሻል ደም ማነስ፣ ድካም ወይም የአጥንት መሳሳት ይኖረዋል። ክርንና ጉልበት ላይ በሚያሳክክ ሽፍታ የሚገለጥበትም አለ። ሕፃናት ላይ ቁመትና ክብደት አለመጨመር ዋነኛው ምልክት ነው፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ይህ በቀላሉ «የምግብ እጥረት» ተብሎ ይታለፋል።

በሽታው አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላት አይያዝም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ግን አለው። ለበሽታው የሚያጋልጡት ጂኖች በኢትዮጵያውያንም ዘንድ ይገኛሉ፤ ጂኑ ያለው ሁሉ ግን አይታመምም። በዓለም ደረጃ ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ ሴሊያክ እንዳለበት ይገመታል። ወላጁ፣ ልጁ ወይም ወንድም እህቱ የታመመበት ሰው ዘንድ ደግሞ ዕድሉ ወደ ከ10 አንድ ይጠጋል።

ከሆላንድ ረሃብ እስከ ሳህራዊ ካምፖች

የበሽታው መንስኤ ስንዴ መሆኑን ያረጋገጠው ቪለም ካረል ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት ሆላንድ በጦርነት ምክንያት ተርባ ዳቦ ጠፋ። አገሬው ሲከሳ እነዚህ ሕፃናት ግን አልባሰባቸውም፤ ይልቁንም ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ዲከ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ የጠረጠረውን ነገር በጥናት አጠናክሮ በ1950 አቀረበ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሳህራዊ ሙስሊሞች ታሪክ ነው። እንደ ሶማሌ ወገኖቻችን ግመል አርቢዎች ናቸው፤ የጥንት ምግባቸው የግመል ወተት፣ ስጋና ተምር ነበር። ከ1975 ወዲህ ብዙዎቹ በአልጄሪያ ቲንዱፍ አካባቢ በስደተኛ ካምፕ ይኖራሉ፤ ኑሯቸውም በእርዳታ ዱቄት ላይ የተመሠረተ ሆነ። በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 990 ሳህራዊ ሕፃናትን መርምሮ 5.6 በመቶ የሚሆኑት ሴሊያክ እንዳለባቸው አሳየ። ይህ ከሌላው ዓለም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ከጂንና ከአመጋገብ ለውጥ ጋር አያይዘውታል።

ይህ ማለት ሶማሌ ክልልም እንዲሁ ነው ማለት አይደለም። ግን ከጅጅጋ እስከ ቀብሪ በያህና ቶጎ ውጫሌ ያለው ገበታ እንዴት እንደተለወጠ ሁላችንም እናያለን። ማሽላና ወተት በነበረበት ቦታ ፓስታ፣ ፉርኖ ዱቄትና የእርዳታ ስንዴ ገብቷል። ስንዴ የማይስማማው ሰው በመካከላችን ካለ፣ ከአያቱ ዘመን ይልቅ ዛሬ ይበልጥ ይታመማል።

ከመመርመራችሁ በፊት ስንዴ አታቁሙ

ይህን ነጥብ አደራ። ምርመራው በደም ይጀመራል። ሐኪሙ የሚፈልገው በግሉተን ምክንያት የሚመነጩ ፀረ እንግዳ አካላትን ነው። ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰዳል። ስንዴ ካቆማችሁ በኋላ ብትመረመሩ ግን ደሙም አንጀቱም እያገገመ ስለሚሄድ ውጤቱ «የለባችሁም» ሊል ይችላል። ስለዚህ የጠረጠረ ሰው መጀመሪያ ይመርመር፤ ከዚያ ያቁም።

መድኃኒቱ ኪኒን አይደለም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አንድ ምግብ «ከግሉተን ነጻ» ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። ከዳቦ የሚረግፍ ፍርፋሪ እንኳ ለምን እንደሚጎዳ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጤፍ፣ የአገራችን ኒዕማ

አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ከኢትዮጵያ የተሻለ አገር አያገኝም ብል አላጋነንኩም። ጤፍ ለሴሊያክ ሰው የሚጎዳ ግሉተን የለበትም፤ በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች ይህንኑ በቤተ ሙከራ አረጋግጠው በታወቀ የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ዳጉሳ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ቆጮና ቡላ ሁሉም ይሆናሉ። ስጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ማር፣ ተምርም እንዲሁ። አንጀቱ ገና ያላገገመ ሰው ግን ወተት ለጊዜው ሊነፋው ይችላል፤ የግመልም ቢሆን። ሲያገግም ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

የማይሆኑት ዳቦ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ብስኩት፣ ፈጢራ፣ ሙሸበክ፣ ቦምቦሊኖ፣ ጨጨብሳ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ገንፎና የገብስ ቆሎ ናቸው። አጃ በራሱ ከስንዴ ቢለይም ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል ተራው አጃ አይታመንም። መጠጥም እንዳይረሳ። ከአልኮል ነጻ የሆነው ማልት ከገብስ ነው። በዒድ የምንጠጣው ቀሪቦም ገብስ ነው። ብርዝና አብሽ ግን ችግር የለባቸውም።

ጤፍ ደህና ነው ስንል «እንጀራ ሁሉ ደህና ነው» ማለታችን አይደለም። ጤፍ ከደጋ ተጭኖ የሚመጣ በመሆኑ ጅጅጋ ላይ ውድ ነው፤ በመሆኑም የሚሸጠው እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ይችላል። ቤት ውስጥ እንኳ ሦስት መግቢያ በሮች አሉ። የመጀመሪያው ወፍጮ ቤት ነው፦ ከእናንተ በፊት ስንዴ ከተፈጨ ጤፋችሁ ይዞት ይመጣል፤ ለጤፍ የተለየ ወፍጮ ያለው ቤት ፈልጉ። ሁለተኛው እርሾ ነው፦ ከጎረቤት የተዋሳችሁት እርሾ ከቅልቅል ሊጥ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ የራሳችሁን ከንጹሕ ጤፍ አውጡ። ሦስተኛው ምጣዱና ማሰሻው ነው፦ አንጄሮና ቂጣ የሚጋገርበት ምጣድ ለእናንተ አይሁን። በእኛ ቤት ባለቤቴ የእኔን ምጣድ ለይታ ሌላ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ ልጆቹም «የአባባ ምጣድ» ይሉታል።

ውጭ ሲበላ

ጅጅጋ ምግብ ቤት የገባ እንግዳ የመጀመሪያ ወጥመዱ አንጄሮ ነው። ስሙም መልኩም እንጀራን ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጋገረው ከስንዴ ዱቄት ወይም ከቅልቅል ነው። ሁለተኛው ከምግብ በፊት የሚቀርበው ሾርባ ነው፤ አንዳንዱ በዱቄት ወይም በአጃ ይወፍራል። ሦስተኛው ሩዝና ፓስታን ግማሽ በግማሽ በአንድ ሰሃን ማቅረብ ነው፤ «ፓስታውን አንሱልኝ» ማለት አይበቃም።

እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። ሰው ሳይበዛ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ። ለአስተናጋጁ ብቻ ሳይሆን ለምግብ አብሳዩ ራሱ እነግራለሁ። «ግሉተን» ብል የሚያውቅ የለም፤ «አመጋገቤ ልዩ ነው» ብል ደግሞ እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። ስለዚህ በሚያውቁት ቃል እናገራለሁ፦ ስንዴ በሶማሊኛ «ቀመዲ» ነው፣ ዱቄቱ «ቡር» ነው፤ «ሐኪም ከልክሎኛል፣ ትንሽ ከነካኝ እታመማለሁ» እላለሁ። ከዚያ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ወጡ ወይም ሱጎው ዱቄት ገብቶበታል ወይ? ሩዙ የፓስታ ውኃ ወይም ማንኪያ ነክቶታል ወይ? ዘይቱ ሳምቡሳ ተጠብሶበታል ወይ?

ብዙ ጊዜ ደህና ሆነው ያገኘኋቸው ነጭ ወይም ቅመም ያለው ሩዝ በተቀቀለ የፍየል ወይም የግመል ስጋ፣ በከሰል የተጠበሰ ስጋ፣ ፉል ያለ ዳቦ፣ እንቁላል በንጹሕ መጥበሻ፣ ሙዝና ፓፓያ ናቸው። ኦድካ የሚባለው በቅቤ የሚቀመጠው ድርቆሽ ስጋ ለመንገድ ስንቅ ግሩም ነው። ሙፎ ከበቆሎ ቢሆንም ስንዴ የሚጨምርበት ስላለ ይጠየቅ። ወደ ሐረር ወይም ድሬዳዋ ስሄድ የጤፍ እንጀራዬን ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ አውጥቼ መብላት መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ኢፍጣር፣ ወሊማና የጋራ ሰሃን

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። በአንድ ሰሃን ዙሪያ አብሮ መብላት በረካ ያለበት ሱና ነው። ነገር ግን ጎኔ ያለው ወንድም አንጄሮ የያዘበትን እጅ ሩዙ ውስጥ ሲያስገባ ያ ሰሃን ለእኔ ተዘጋ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማንም ሳይጀምር ድርሻዬ በትንሽ ሰሃን ይቀነስልኝ፤ ከዚያ እዚያው ክብ ውስጥ አብሬ ልቀመጥ። አብሮነቱ አይቀርም።

«ከሰው ገበታ መራቅ ነውር አይሆንም ወይ?» ለሚል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምሳሌ ትተውልናል። የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ቀርቦላቸው እጃቸውን ሲሰበስቡ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) ሐራም ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሐራም እንዳልሆነ፣ በአገራቸው ስለማይገኝ ግን እንዳልተስማማቸው ነገሩት፤ ኻሊድም እያዩት በላ። ምግብን ፈጽሞ እንደማይነቅፉ፣ ካልፈለጉት ዝም ብለው እንደሚተዉትም አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ሥርዓቱ ይኸው ነው፦ ምግቡን አትንቀፉ፣ ምክንያታችሁን በአጭሩ ተናገሩ፣ ሌላው እንዲበላ ተዉት።

ተልቢና፣ ማለትም የገብስ አጥሚት፣ ለበሽተኛ እንደሚበጅ በሐዲስ መጥቷል፤ ወዳጆች በፍቅር ያመጡልኛል። ሱናውን እወዳለሁ፤ ሴሊያክ ላለበት ሰው ግን ገብስ ጉዳት ነው፤ ሸሪዓችን ደግሞ ራስን መጉዳትን ይከለክላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐሊ (ረ.ዐ.) ገና ከሕመም እያገገሙ ሳለ ተምር እንዳይበሉ ከልክለዋቸው ነበር። ተምር መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለዚያ ሰው በዚያ ሰዓት ስለማይስማማ ነው። ኢብኑል ቀይም በነቢያዊ ሕክምና መጽሐፋቸው ከምግብ መቆጠብን የሕክምና አንድ ክፍል አድርገው የሚያነሱት ከዚህ በመነሣት ነው።

ጾምን በተመለከተ፣ ያገገመ ሰው እንደማንኛውም ሙስሊም ይጾማል፤ የእኛ ፈተና ቀኑ ሳይሆን ማታው ነው። ገና የተዳከመ ሰው በሐኪም ምክር ቢያፈጥር በሱረቱል በቀራ ለበሽተኛ የተሰጠው ፈቃድ አለለት፤ ሲድን ቀዷ ያወጣል። ዘካተል ፊጥር ስታወጡ በጎረቤታችሁ ስንዴ የማይበላ ሚስኪን ካለ ከሚበላው እህል፣ ከሩዝ ወይም ከማሽላ ስጡት። ስንዴ የደረሰውም ቢሆን ከተረከበ በኋላ ንብረቱ ነውና ሸጦ ወይም ለውጦ የሚሆነውን መግዛት ይችላል።

ለአስተናጋጅ ቤተሰብ

እንዲህ ያለ እንግዳ ካላችሁ ልዩ ምግብ አትድከሙለት። ከምትሠሩት ሩዝና ስጋ በንጹሕ ጭልፋ አስቀድማችሁ ቀንሱለት፤ «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ?» ብላችሁ ግን አታስጨንቁት። ልጅ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ለቁርዓን ቤት ልጆች ብስኩት ሲታደል የእሱ ድርሻ ተምር ወይም ሙዝ ይሁን፤ ባዶ እጁን አይመለስ።

ከዚያ ረመዳን በኋላ በዒድ ጠዋት ወደ ኤዶ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ወደ ማድ ቤት ገብተው አንድ ትንሽ ድስት ይዘው ወጡ። «ይህቺ ቡር አይታ አታውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ናት» አሉኝ። አሁን ሲጠሩን የእኔ ሩዝ በዚያች ድስት ይቀቀላል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሽተኞቻችንን ሁሉ ይማርልን። አሚን።