ስለ ቁስል ትኩሳትና ስለ ደም መመረዝ ምልክቶች

ከጥቅምት ወር ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፣ ይኸውም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በጌራ፣ በማናና በሰቃ፣ ቀዩ ቡና የሚለቀምበት ወራት መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ወራት ልጅ ሽማግሌ ሳይባል ብዙ ሰው ወደ ቡናው ጥላ ስለሚገባ፣ እጅ በቅርንጫፍ ይጫራል፤ ባዶ እግርም በጉቶና በእሾህ ይወጋል። ቁስሉ ትንሽ ስለ ሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ደሙ እንዲቆም የቡና ዱቄት ይነሰነስበትና ሥራው ይቀጥላል። ከእነዚህ ቁስሎች አብዛኞቹ በራሳቸው መዳናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ጥቂቶቹ ሰውን የሚገድል ሕመም የሚገባባቸው በሮች ስለሚሆኑ፣ በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለዚሁ ሕመም ለማስረዳት አስበናል።

ሕመሙ በሕክምና ቋንቋ ሴፕሲስ ይባላል፤ በአማርኛ የደም መመረዝ እየተባለ ይጠራል። ስሙ ግን ጥቂት ያሳስታል። ሰውየውን የሚጎዳው ወደ ደም የገባው ጀርም ብቻ ሳይሆን፣ ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሚያነሣው ኃይል ራሱ ከልክ አልፎ ሳንባን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና አንጎልን ሲያውክ ነው። ሌባ ለማባረር የተነሣ የመንደር ሰው የገዛ ቤቱን አጥር ሲያፈርስ እንደ ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በመላው ዓለም 49 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕመም እንደ ተያዙና 11 ሚሊዮን ያህሉ እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል።

ሕመሙን የሚያመጡት የጀርም ዓይነቶች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱና ፈጣኑ ስትሬፕቶኮከስ ነው። ይህ ስም በ1874 ቢልሮት በተባለ ሐኪም የወጣለት ሲሆን፣ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ፍሬ ማለት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት በእርግጥም ክብ ክብ ፍሬዎች እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ተሰክተው ይታያሉ። ጀርሙ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ጉሮሮና ቆዳ ላይ ያለ አንዳች ጉዳት ይኖራል። አደጋው የሚመጣው በቁስል፣ በጉሮሮ ወይም በወሊድ ምክንያት በተከፈተ ማሕፀን በኩል አልፎ ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ ነው።

በየዓመቱ ከሚያጋጥሙን ከብዙ ሕሙማን እንጂ ከአንድ ሰው ያልተወሰደ አንድ ታሪክ እናቅርብ። አንድ ጎልማሳ ቡና ለቃሚ ሰኞ ዕለት እግሩን ጉቶ ይወጋዋል። ማክሰኞ ማታ ብርድ ብርድ ይለውና ይንቀጠቀጣል። ቤተ ሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ያጠጣዋል። ረቡዕ ትኩሳቱ ይብሳል፤ ጎረቤትም ወባ ነው ይላል። በሽተኛው እግሬን፣ እግሬን እያለ ይጮሃል፤ ቁስሉ ግን ሲታይ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ስለዚህ የሰውየው ጩኸት ለሰው ሁሉ ያስገርማል። ሐሙስ ጧት ትኩሳቱ ይበርዳል። ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ ላብ አጥልቆት፣ ዝም ብሎ ይተኛል። እናቱም «ተመስገን፣ ለቀቀው!» ትላለች። ወደ ማታ ላይ የሚስቱን ስም መጥራት ያቅተዋል።

እንግዲህ በዚህ ቤት በሽታው የለቀቀ የመሰለበት ሰዓት፣ ሐኪም ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ሰዓት ነበር። ደም በበቂ ኃይል መዘዋወር ሲያቅተው፣ ለልብና ለአንጎል እንዲተርፍ ከእጅና ከእግር ይሸሻል፤ ከዚህ የተነሣ ቆዳ ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትር 39 ያሳየው የነበረው ሰው 36 ወይም ከዚያ በታች ሊያሳይ ይችላል። በእርግጥ የዳነ ሰውም ትኩሳቱ ይበርዳል። ነገር ግን የዳነ ሰው ውሃ ይጠይቃል፣ ይቀመጣል፣ ሽንቱን ይሸናል፣ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ትኩሳትን ብቻ መለካት ያታልላል፤ ከትኩሳት ጋር ትንፋሽን፣ አእምሮንና ሽንትን መመልከት ያስፈልጋል።

ትንፋሽን ለመቁጠር ሰዓት ያለው ማንኛውም ሰው ይበቃል። ታማሚው በተኛበት የደረቱን መነሣትና መውደቅ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። በዐዋቂ ሰው 22 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ ያሠጋል። አእምሮን በሚመለከት፣ ቀኑን ወይም የልጁን ስም መሳት፣ ንግግር መቀላቀል፣ ወይም ከወትሮው ውጪ ድብት ብሎ መተኛት ምልክት ነው፤ ይህን ደግሞ ከሐኪም ይልቅ አስቀድሞ የሚያውቀው የቤት ሰው ነው። ቤተ ሰብ «ዛሬ እንደ ራሱ አይደለም» ያለውን ቃል ሐኪም በቀላሉ ማለፍ የለበትም። ከጧት እስከ ማታ ያልሸና በሽተኛም ኩላሊቱ እየተጎዳ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። የጣት ጥፍር ለ5 ሰከንድ ተጭነው ሲለቁት የቀድሞው ቀለሙ ከ3 ሰከንድ በላይ ቆይቶ ከተመለሰ፣ ደሙ ወደ ዳር እየደረሰ አይደለም።

ከቁስሉ መልክ ጋር የማይመጣጠን ብርቱ ሥቃይ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ስትሬፕቶኮከስ አንዳንድ ጊዜ ከቆዳ በታች ባለው ሥጋ ውስጥ ተሰውሮ እየበላ ስለሚሄድ፣ ላይ ላዩ ደኅና እየመሰለ ውስጡ ይሞታል። እንዲህ ያለ ሕመም በሰዓታት ውስጥ ስለሚዛመት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሳይዘገይ ሊያየው ይገባል። አንዳንድ ጊዜም ትውከት፣ ተቅማጥና የመላ ሰውነት ሽፍታ ይከተሉታል።

እዚህ ላይ ከራሳችን ትምህርት አንድ ነገር እንናገር። በውጭ አገር በተማርንባቸው መጻሕፍት ውስጥ፣ የተመረዘ ቁስል ምልክቱ መቅላት ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ሥዕሎቹም ሁሉ የነጭ ሰው እግር ነበሩ። ወደ አገራችን ተመልሰን ይህንኑ መቅላት ስንፈልግ ብዙ ጊዜ አጣነው። በእኛ ሰው ቆዳ ላይ ቁስሉ ዙሪያውን ይጠቁራል ወይም ሐምራዊ ይመስላል፤ ቆዳው ይወጠርና ያብረቀርቃል፤ በእጅ ጀርባ ሲዳስሱት ከሌላው ቦታ ይሞቃል። የፊት መገርጣትም እንደዚሁ ነው፤ እርሱን በከንፈር ውስጥ፣ በምላስና በመዳፍ መፈለግ ይሻላል። እብጠቱ ይስፋ አይስፋ ለማወቅ ዳሩን በእስክሪፕቶ አስምሮ ከሁለት ሰዓት በኋላ ማየት ጠቃሚ ነው፤ ከላይ የተነገሩት ሌሎች ምልክቶች ካሉ ግን ለዚህ ተብሎ መቆየት የለም።

ወባን በሚመለከት፣ በጊቤ ሸለቆና በቆላው በኩል እውነተኛ ጠላት ስለ ሆነች፣ ትኩሳት ያለው ሰው ደሙን መመርመሩ ተገቢ ነው። የምንቃወመው በምርመራው ሳይሆን በዚያው መቆምን ነው። ደሙ ከወባ ነጻ ነው ከተባለ ትኩሳቱ ሌላ ምክንያት አለውና በሩን መፈለግ ያሻል። ወባ ተገኘበት ቢባል እንኳ ያበጠው እግር በወባ አያብጥም።

ከበሮቹ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን የወላድ ነው። በ1847 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቪየና ከተማ ዜመልቫይስ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል ብዙ እናቶች በአራስነት ትኩሳት ይሞቱ ነበር። በዚያው ዓመት ኮሌችካ የተባለ ባልደረባው አስከሬን ሲመረምር በአንድ ተማሪ ቢላዋ ጣቱ ተወግቶ ሞተ፤ በአስከሬኑም ላይ የታየው ጉዳት በእናቶቹ ላይ የሚታየው ሆኖ ተገኘ። ዜመልቫይስም ከአስከሬን ክፍል ወደ ወላድ የሚሄዱት የሐኪሞች እጆች ሞትን እንደሚያደርሱ ስለ ተረዳ፣ ሁሉም እጁን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በአፕሪል ወር ከ100 እናቶች 18 ያህል ይሞቱ የነበረው፣ ከጁን ጀምሮ ወደ 2 ያህል ወረደ። የሥራ ጓደኞቹ ብዙዎቹ አላመኑትም። በ1879 ፓስተር ከእንዲህ ያሉ እናቶች ያገኘውን የተሰካካ ጀርም ለሊቃውንት ባሳየ ጊዜ ዜመልቫይስ ከሞተ 14 ዓመት ሆኖት ነበር።

እጅ መታጠብ ለሕዝባችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። ማዕድ ሲቀርብ ማስታጠቢያው ካልመጣ የሚቀመጥ የለም። የአራስ ጥየቃ በመጣን ጊዜ ግን ይህን ልማድ ከደጅ እንተወዋለን፤ ጉሮሮው የሚከረክረውም፣ ልጁ በትኩሳት የተኛበትም ሰው ገብቶ አራሷን ይደግፋል፤ ሕፃኑን ይስማል። ጉሮሮው የታመመ ሰው ጥየቃውን ለሌላ ሳምንት ቢያደርገው፣ ገንፎውን ልኮ ቢቀር፣ ማንም ሊቀየመው አይገባም። አራሷ በወለደች እስከ 42 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ወይም ፅንስ ከተቋረጠባት በኋላ፣ 38 የደረሰ ትኩሳት ወይም ብርቱ የሆድ ሕመም ካገኛት በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ደሟ አይሸትም ተብሎ መጽናናት ስሕተት ነው፤ በስትሬፕቶኮከስ የተመረዘ ማሕፀን ብዙ ጊዜ ሽታ የለውም።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ትኩሳት ሳያሳይ ሊመረዝ ይችላል። እርሱ የሚናገረው በጡት ነው፤ ይጠባ የነበረው ጡት መጥባት ከተወ፣ ሳይነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሙቀቱም 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ይበቃል። በእትብቱ ላይ ቅቤ መቀባትም ለጀርም በር መክፈት ስለ ሆነ ቢቀር ይሻላል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን ሕመም ለይቶ ለማወቅ የሠለጠኑ ስለ ሆኑ፣ በሌሊትም ቢሆን እነርሱን መቀስቀስ ነውር አይደለም።

ለመምህራን ደግሞ የጉሮሮን ነገር እናሳስባለን። ተማሪው ሳል ሳይኖረው በድንገት ጉሮሮው ከታመመ፣ አንገቱ ሥር ካበጠና ከተኮሰው የስትሬፕቶኮከስ ቶንሲል ሊሆን ይችላል፤ ሳይታከም ከቀረም በሳምንታት ውስጥ የልብ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ይከላከላል። በብዙ ቤት ግን ልጁ እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። እንጥል የተፈጥሮ አካል እንጂ የበሽታ ምንጭ አይደለም። በጀርም በተሞላ ጉሮሮ ውስጥ ባልተቀቀለ ስለት አዲስ ቁስል መክፈት፣ በሩን ራሳችን ከፍተን ጠላትን ግባ እንደ ማለት ነው። ይህን ለወላጆች ስታስረዱ በየቤቱ በሚነገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ጭምር እንድታደርጉት እንለምናለን፤ በአማርኛ ብቻ የተነገረ ምክር ከብዙ አያቶች ጆሮ አይደርስምና።

ፍሌሚንግ በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን ይህን የጉሮሮና የቁስል ስትሬፕቶኮከስ ዛሬም ይገድለዋል፤ ሌሎች ጀርሞች መድኃኒት ሲለምዱ እርሱ እስካሁን ፔኒሲሊንን አልለመደም። እንግዲህ በዚህ ጀርም ሰው የሚሞትብን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው። ሕመሙ ከበረታ መድኃኒቱ በደም ሥር መሰጠት አለበት፤ ፈሳሽና ኦክስጅንም ያስፈልጋል፤ የደም ግፊቱ ለወደቀ በሽተኛ መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመርለት ይፈለጋል። ከመድኃኒት መደብር ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ሕመሙን አያድንም፤ ቀን ግን ያስበላል። ከአጋሮ እስከ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቡናው ጫካ እስከ አጋሮ ያለው መንገድ ግን በእግር ወይም በቃሬዛ ሲሆን ከዚያ ይረዝማልና፣ ጉዞው የሚጀመረው አእምሮው ሳይስት ነው።

ታማሚውን የሚልክ መምህር ወይም ማንበብና መጻፍ የሚችል ጎረቤት አንድ ብጣሽ ወረቀት አብሮ ቢልክ ትልቅ እርዳታ ነው። በወረቀቱ ላይ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ ቁስሉ ያለበት ቦታ፣ በደቂቃ የተቆጠረው ትንፋሽ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሸናበት ሰዓት ይጻፍ። የወሰደው መድኃኒት ካለ፣ የባሕል መድኃኒትም ቢሆን ሳይታፈርበት ይጠቀስ፤ የክኒኑ ስም ካልታወቀም ባዶ ማሸጊያው ከወረቀቱ ጋር ይላክ።