ያውቁ ኖሯል? ጨረራ የማይረታው ሰዓት

ከሚሴ ቆመው የስልክዎን ካርታ ሲከፍቱ ያሉበትን ቦታ የሚነግርዎ፣ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ሰዓቱ በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ቢዛነፍ ርቀቱ በ30 ሴንቲ ሜትር ይዛነፋል።

ከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ሸለቆ የአፋር ስምጥ ምዕራባዊ ዳር ሲሰነጠቅ የሰመጠ መሬት ነው። አረቢያና አፍሪካ በአፋር በኩል በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መራራቃቸው የሚለካውም በእነዚሁ ሰዓቶች ነው።

ሳተላይቶቹ ግን ደጋግመው የሚያልፉት ምድርን በከበበው በቫን አለን የጨረራ ቀበቶ ውስጥ ነው። ጨረራ ሳተላይትን ምን ያህል እንደሚጎዳ ከታሪክ ይታያል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1962 አሜሪካ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የኑክሌር ቦምብ አፈነዳች። በማግስቱ የመጠቀችው ሳተላይት ቴልስታር ትራንዚስተሮቿ በጨረራ ተጎድተው በወራት ውስጥ ከአገልግሎት ወጣች።

የሰዓትን ምት የሚያመነጨው ክፍል ኦሲሌተር ይባላል፤ የብዙ ኦሲሌተሮች ዋና አካል ኳርትዝ የተባለው ክሪስታል ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሳያቋርጥ ይርገበገባል። የእጅ ሰዓት ኳርትዝ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይመታል። ጨረራ የሚገባበት ቀዳዳ ግን አለው። በክሪስታሉ ውስጥ ሲሊከን መሆን በሚገባው ቦታ አልፎ አልፎ አሉሚኒየም ይገኛል፤ ከጎኑም ሶዲየም ወይም ሊቲየም ይለጠፋል። ጨረራ ሲመታው ይህ ተለጣፊ ቦታውን ይለቃል፤ ምቱም ፈቀቅ ይላል። መድኃኒቱ ያስደንቃል፦ ክሪስታሉን ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አግሎ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ማቆየት። ሶዲየሙና ሊቲየሙ ተጠርገው ይወጣሉ፤ ሃይድሮጅን ይተካቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የመጠቀችው የባሕር ከፍታ ለኪዋ ጄሰን 1፣ ጨረራ በሚበረታበት በደቡብ አትላንቲክ ሰማይ ባለፈች ቁጥር ኦሲሌተሯ ይንሸራተት ነበር። በዚህ የተነሳ በእሷ አማካይነት የሚለካው በደቡብ አሜሪካ ያሉ የምድር ጣቢያዎች ቦታ ተሳስቶ ይሰላ ነበር። ለተተኪዋ ለጄሰን 2 መሐንዲሶች ክሪስታሎቹን ገና ምድር ላይ ሳሉ ጨረራ አጠጧቸው፤ አስቀድሞ የለመደው ብዙም አይናወጥም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ምሕዋሯ በዚያው በደቡብ አትላንቲክ ሰማይ በኩልም የሚያልፍ ነው። ምስሏን ይቀበል የነበረው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነው። የጨፋን ረግረግና የቦርከናን ወንዝ ዳርቻ ከላይ የሚያይ ሳተላይት በአገር ልጆች እጅ እንዲሠራ ከልቤ እመኛለሁ፤ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎቻችን ጨረራን የሚቋቋም ሰዓት የመሥራትን ሙያ ከወዲሁ ቢይዙት እንዴት ደስ ባለኝ!

ጨረራ የሚያውከው ክሪስታሉን ብቻ አይደለም። አንዲት የጨረራ ቅንጣት ትራንዚስተር ስትመታ ድንገተኛ ቻርጅ ትረጫለች፤ አንድ ምትም ይዛባል። ነዳፊው ለዚህ የኤሌክትሪክ ዑደቱን ካፓሲተርና የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ ያበረታል፤ ያኔ የተረጨው ቻርጅ ኢምንት ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ አንድ ዓይነት ሦስት ዑደቶች ሠርቶ ድምፅ ያሰጣቸዋል፤ አንዱ ቢስት ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል።