በተማሪዎች ማደሪያ ስለሚዛመት ደዌ

ከየአውራጃው ተሰብስበው ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶች፣ ዶርም በሚሉት ክፍል፣ በተደራራቢ አልጋ ላይ ስድስትም ስምንትም ሆነው ሲያድሩ፣ ፎጣና ብርድ ልብስ እየተዋዋሱ፣ አንድ አየር እየተነፈሱ ስለሚኖሩ፣ ከመካከላቸው አንዱን ያገኘው ደዌ ሌሎቹንም ሳያዳርስ አይመለስም። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ደበሎ ለብሶ በጎጆ ተጨናንቆ ያድር የነበረው የቆሎ ተማሪም ከዜማውና ከቅኔው ጋር እከክንና ቅማልን አሳምሮ ያውቃቸው ነበር።

እከክን የምታመጣው ለዓይን እጅግ የረቀቀች ፍጥረት ስትሆን፣ ሴቲቱ ቆዳን ሰርስራ ገብታ እንቁላሏን በዚያ ትጥላለች፤ ሌሊት የሚብሰው ማሳከክ፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ የሚወጣውም ሽፍታ ምልክቷ ነው። ነገር ግን ደዌው ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ምንም ሳያሳክከው ሊቆይ፣ በዚህም ጊዜ ለሌላው ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ የሚያከው ተማሪ ብቻውን ቅባት ተቀብቶ ቢድን፣ ጤነኛ መስሎ አጠገቡ የተኛው ባልንጀራው መልሶ ያሲዘዋል። ስለዚህ የክፍሉ አዳሪዎች ሁሉ፣ ያሳከከውም ያላሳከከውም፣ በአንድ ቀን መታከም፣ ልብሳቸውንና አንሶላቸውን በፍል ውኃ ማጠብ፣ የማይታጠበውንም በፌስታል ቋጥረው አንድ ሳምንት ማቆየት ይገባቸዋል። በእከኩ ያፈረ ሰው ግን ይህ እንዲደረግ አይፈቅድም፤ ደብቆ ያካል፣ ደብቆም ያዛምታል።

የልብስ ቅማል ደግሞ ተስቦንና ግርሻን ታመጣለች። ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1909 እ.ኤ.አ. በቱኒስ ከተማ፣ የተስቦ ሕሙማን በሆስፒታሉ ደጃፍ ሳሉ ሌላውን ሲያሲዙ፣ ገላቸውን ታጥበው ልብሳቸውን ለውጠው ከገቡ በኋላ ግን ማንንም አለማስያዛቸውን አስተውሎ፣ አስተላላፊዋ ቅማል መሆኗን አረጋገጠ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሳሙናና ንጹሕ ልብስ ይህን ያህል ኃይል አላቸው።

ማጅራት ገትር ግን ፋታ አይሰጥም። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው ቀጠና በበጋ ወራት የሚበረታው ይህ ደዌ፣ በድንገተኛ ትኩሳት፣ በብርቱ ራስ ምታት፣ በማስታወክ፣ ብርሃንን በመጥላትና አንገትን በማድረቅ ይገለጣል፤ ይህን ሁሉ «ምች ነው» ብሎ፣ ዳማከሴ እየጨመቁ ንጋትን መጠበቅ በነፍስ መጫወት ነው፤ ሕሙሙ በአንድ ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላልና። በዚያችው ሌሊት ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ አብረውት ያደሩትም መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ ይጠይቁ።

ሳልም 2 ሳምንት ከሞላው አክታን ማስመርመር ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ብርድ ይመታናል ተብሎ ቀንና ሌሊት የሚዘጋው መስኮትም ቢያንስ ቀን ቀን ይከፈት።

ፕሮክተሮችና የግቢው ክሊኒክ ሐኪሞች ሆይ፣ የታመመ ተማሪ ወደ እናንተ ሲመጣ ስሙን ብቻ ሳይሆን የዶርሙን ቁጥር ጠይቃችሁ፣ የቀሩትንም አስጠሩልን።