የተቆጣ ሕዋስ ምን ይበላል?

ቁንጭርን በቅርብ ያየ የላይ ጋይንት ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ቁስሉ ብዙም አያምም፣ ግን ቶሎ አይድንም። ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ ትንሽ እብጠት ሆኖ ይጀምራል፣ ይሰፋል፣ ይቀላል፣ ቅርፊት ያወጣል። ወራት ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ላይ ዓመትም ይሞላዋል። ቦታው ተቆጥቷል፤ ከቁስሉ ትንሽ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ቢታይ በበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ተጨናንቋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዋስ እዚያ ተሰብስቦ በሽታውን ለምን አያጠፋውም? የመልሱ አንድ ትልቅ ክፍል ሕዋሳቱ በሚበሉት ነገር ውስጥ ነው። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ላገኘሁት ሁሉ ካልነገርኩ ደስ አይለኝም፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ስለ በሽታው ባጭሩ ልበል። ቁንጭርን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ነው፤ ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ የሚለውን ስም ያገኘው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ዋና መኖሪያው ሽኮኮ ነው። ሽኮኮ በሚኖርበት ገደልና ዋሻ የአሸዋ ዝንብ ትራባለች፤ ሽኮኮውን የነከሰች ዝንብ ሰውን ስትነክስ ጥገኛውን ታስተላልፋለች። ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለውን አገር የሚያውቅ ሰው ገደልና ሽኮኮ የት እንዳለ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ጥገኛው ቆዳ ውስጥ እንደገባ የሚውጠው ማክሮፋጅ የተባለው ሕዋስ ነው። የማክሮፋጅ ሥራ ባዕድ ነገርን ውጦ መፍጨት ነው። ሌሽማኒያ ግን ተውጦም አይፈጭም፤ ሊገድለው በተገባው ሕዋስ ሆድ ውስጥ ይኖራል፣ ይባዛል። ስለዚህ የዚያ ሕዋስ ጓዳ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ለሁለቱም የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ማክሮፋጅ ጤና በሆነ ቀን በቁጠባ ይኖራል። ስኳሩንና ስቡን ማይቶኮንድሪያ በተባሉት ክፍሎቹ ውስጥ በኦክስጅን ያቃጥላል፤ ከአንድ ግሉኮስ ወደ 30 የሚጠጋ ኤቲፒ ያገኛል። ኤቲፒ ሕዋስ ለማንኛውም ሥራው የሚያወጣው ጉልበት ነው። ባዕድ ነገር መግባቱን ሲያውቅና ሲቆጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግሉኮሱን ያለ ኦክስጅን ሰብሮ 2 ኤቲፒ ብቻ ይወስድና የቀረውን ላክቲክ አሲድ አድርጎ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ይህን የሚያደርገው ኦክስጅን አጠገቡ እያለ ነው! የወይራ ፍልጥ እያለው ጭድ እንደሚያነድ ሰው ነው፤ ጭድ ቶሎ ይያያዛል፣ ቦግ ይላል፣ ግን በየደቂቃው ሌላ እፍኝ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት የተቆጣ ሕዋስ የግሉኮስ መግቢያዎቹን አብዝቶ ከደም ስኳር ይስባል። ካንሰር ለመፈለግ የሚያገለግለው ፔት የተባለ ምርመራ፣ ምልክት የተደረገበት ስኳር የት እንደተከማቸ ስለሚያሳይ፣ ካንሰር የሌለበትን የተቆጣ ቦታም ያበራዋል።

ሕዋሱ ይህን ሁሉ ለምን ያባክናል? ፍጥነት አንዱ ምክንያት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ነው፤ ስኳሩ ሲሰበር በየመንገዱ የሚወጡት ሞለኪውሎች ራሳቸው ለመግደያ ይውላሉ። ከግሉኮሱ የተወሰነው በሌላ መስመር ሄዶ ኤንኤዲፒኤች የሚባል ሞለኪውል ያስገኛል፤ ማክሮፋጁ በእርሱ አማካኝነት ኦክስጅንን ወደ መርዝነት ለውጦ በዋጠው ተሕዋስ ላይ ይለቅበታል። ማይቶኮንድሪያውም ቢሆን ሥራ አልፈታም። የክሬብስ ዑደት የተባለው የተለመደ የማቃጠል ሂደቱ መሐል መሐሉ ላይ ይቋረጥና ሁለት ነገሮች ይጠራቀማሉ። አንደኛው ኢታኮኔት ነው፤ ባክቴሪያን ያዳክማል፣ ቁጣው ከልክ እንዳያልፍም ይገታል። ሁለተኛው ሰክሲኔት ነው። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሉክ ኦኒል ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የተጠራቀመ ሰክሲኔት ኤችአይኤፍ-1 አልፋ የተባለ ፕሮቲን እንዳይፈርስ ያደርጋል፤ ያ ፕሮቲን ደግሞ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ እንዲመረት ያዛል። ይህ ትኩሳት ከሚያስነሱት መልእክቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ግንባርን የሚያግለው ትኩሳት ከሕዋስ ጓዳ ድረስ የሚዘልቅ ሥር አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁንጭር ልመለስ፤ እዚህ ላይ ከስኳር ባልተናነሰ የሚወስነው አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። አርጂኒንን ሁለት ኢንዛይሞች ይሻሙታል። አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያደርገዋል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሌሽማኒያን ይገድላል። የማክሮፋጁን የራሱን ማይቶኮንድሪያም ስለሚያውክ፣ ሕዋሱ በስኳር ሰበራው እንዲገፋበት ያስገድደዋል። ሌላው ኢንዛይም አርጂኔዝ ነው። እርሱ አርጂኒንን ወደ ኦርኒቲን ይለውጣል፤ ከኦርኒቲን ደግሞ ፖሊአሚን ይሠራል፤ ፖሊአሚን ለጥገኛው መባዣ ነው። አንዱ ምግብ፣ በአንዱ መንገድ ሲሄድ ገዳይ፣ በሌላው ሲሄድ ቀላቢ! በአይጥ ማክሮፋጅ ላይ ይህ ሽሚያ በጣም ጎልቶ ይታያል፤ የሰው ማክሮፋጅ የሚያመርተው ናይትሪክ ኦክሳይድ አነስ ያለ ነው፤ ስለዚህ የሰውን ቁስል ራሱን ማየት ያስፈልጋል።

የአገራችን ተመራማሪዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ታምራት አበበና ባልደረቦቹ፣ ለንደን ካለው የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ ከኢትዮጵያውያን ቁንጭር ታማሚዎች ደምም ቁስልም ወስደው መረመሩ። በደም ሕዋሶቻቸው ውስጥ ያለው አርጂኔዝ ከጤነኛ ሰው አልተለየም። ቁስሉ ውስጥ ያለው ግን ከጤነኛ ቆዳ እጅግ በልጦ ተገኘ። ቲ-ሴል የተባሉት፣ ማክሮፋጅን የሚቀሰቅሱት ሕዋሳትም በቁስሉ ውስጥ ሲዲ3 ዜታ የተባለው መቀበያ ክፍላቸው መንምኖ ታየ። ቲ-ሴል አርጂኒን ሲያጣ የሚደርስበት ይህ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ሰውየው በመላ አካሉ አልደከመም፣ መከላከያው የተራበው እዚያችው ቁስል ላይ ነው። የታማሚውን ደም ብቻ ያየ ሐኪም ምንም ሊታየው አይችልም።

የሌላው የሌሽማኒያ በሽታ፣ የካላዛር፣ ነገር ከዚህ ይለያል። በ2005 እ.ኤ.አ. ላይ ጋይንት ባለበት በደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ውስጥ የተቀሰቀሰው ካላዛር ወደ ጉበትና ጣፊያ የሚገባ ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያውያን የካላዛር ታማሚዎች ደም ውስጥ ራሱ አርጂኔዝ ከፍ ብሎ ተገኝቶ፣ ታክመው ሲድኑ ወርዷል። ካላዛርን ከሚያመጡት ጥገኞች አንዱ የሆነው ሌሽማኒያ ኢንፋንተም ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአይጥ ማክሮፋጅ ላይ እንደታየው፣ ሕዋሱ መጀመሪያ ወደ ስኳር ሰበራ ይሮጣል፤ ቆይቶ ጥገኛው ሲርት1 እና ኤኤምፒኬ የተባሉትን የሕዋሱን ጉልበት መቆጣጠሪያዎች ተጠቅሞ ወደ ማይቶኮንድሪያ ይመልሰዋል። ቁጣው ይበርዳል፤ ጥገኛው ይኖራል።

ነፋስ መውጫ ሆስፒታል የሚመጡ ታማሚዎችን ያጠኑት የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ ቁንጭር ከሰው ሰው ስለሚያሳየው ልዩነት ያወራል። አንዱ ሰው ላይ ቁንጭር በአንድ ቁስል ይወሰናል፤ ሌላው ላይ ወደ አፍንጫና ከንፈር ውስጥ ይገባል፤ ሦስተኛው ላይ በፊትና በእጅ እግር ላይ ተበትኖ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ምንም አይቆስልም፣ ብዙም አይቆጣም፤ ማክሮፋጆቹ ግን በጥገኛ ጢም ብለው የሞሉ ናቸው፤ ለማከምም ከሁሉም ይከብዳል። ስለዚህ ቁጣ ባይኖር ይሻል ነበር እንዳትሉኝ፤ ጥያቄው ቁጣው ጓዳውን በየትኛው መንገድ ቀየረው ነው።

ጎረቤታችሁ ቁንጭር ከያዘው ይህን ሁሉ ኬሚስትሪ መንገር ግድ አይደለም። በጋለ ብረት መተኮስ ጠባሳ ብቻ እንደሚጨምርለት፣ ከቁስሉ ጠርዝ በሚወሰድ ናሙና ጥገኛው በማይክሮስኮፕ እንደሚታይ፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባል መድኃኒት እንዳለና በየቀኑ ለሳምንታት በመርፌ እንደሚሰጥ ንገሩት። አፍንጫው ውስጥ ሳይገባ በፊት ቢሄድ ደግሞ እጅግ ይሻላል፤ አንዴ የተበላ አፍንጫ አይመለስምና።