ፊደልና ጨዋታ፦ ተረትና እውነታ

የአማርኛ ፊደል በተለመደው ገበታ 33 ረድፎች አሉት። እያንዳንዱ በሰባት ድምፅ ሲረባ 231 ቅርጽ ይሆናል፤ ቨ እና እንደ ሏ፣ ጓ፣ ቧ ያሉት ዲቃላ ፊደላት ሲታከሉ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል። ብዛቱ ወላጅን ስለሚያስፈራ ፊደል በቁጣና በሽምደዳ ካልሆነ ሕፃን ልጅ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። ከዚህ ጋር ተያይዘው የሚነገሩ ሌሎች እምነቶችም አሉ፤ አብዛኞቹ ልክ አይደሉም።

ተረት፦ ሀሁን በቃሉ የወጣ ልጅ ፊደል ለይቷል።

እውነታ፦ የአራት ዓመት ልጅ ከሀ እስከ ፐ ያለውን በዜማ ሊወጣው ይችላል፤ ቤተሰቡም ያጨበጭብለታል። ከመካከል «ቴ» ብቻዋን ተነጥላ ስትቀርብለት ግን ከ«ተ» ተነስቶ ካልቆጠረ አይደርስባትም። ጆሮው ይዟል፣ ዓይኑ ገና አልለየም። የቄስ ትምህርት ቤት ለዚህ መላ አለው። ተማሪው ሀሁን በስንጥር እየጠቆመ ከዘለቀ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይገባል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እዚህ የፊደላቱም የድምፆቹም ተራ ስለሚለዋወጥ የለመደው ዜማ አያድነውም፤ እያንዳንዱን ቅርጽ አይቶ መለየት ግድ ይሆንበታል። መልእክተ ዮሐንስን ወደ ማንበብ የሚሻገረውም ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊደልን አደባልቆ ማጫወት ከውጭ የመጣ ፈሊጥ ነው ማለት የአገሩን መምህራን ብልሃት መዘንጋት ነው።

በቤት ውስጥ ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው። የለስላሳ ቆርኪዎች ውስጥ በወረቀት ላይ የተጻፉ ፊደላት ይለጠፉና ይደባለቃሉ፤ ልጁ አንዱን አንስቶ ድምፁን ይናገራል። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወት በየሳጥኑ አንዳንድ ፊደል በጠመኔ ይጻፍለታል፤ ጠጠሩ ያረፈበትን ፊደል ሳይጠራ አይዘልም። በኩኩሉ ጊዜ በልጁ ፋንታ ፊደል የተጻፈባቸው ካርዶች ይደበቃሉ። እንቆቅልሽም ይሆናል፦ «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» «‹ውሻ› ሲባል መጨረሻ የሚሰማው ማን ነው?» መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። ጨዋታው ልጁ ሳይሰለች ቢቆም ይመረጣል፤ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ረጅም ጨዋታ ይበልጣል።

ተረት፦ ከሀ ካልተጀመረ ይበላሻል።

እውነታ፦ የሀ ረድፍ ለጀማሪ ከሚያስቸግሩት አንዱ ነው። በአማርኛ ንግግር ሀ እና ሃ አንድ ድምፅ አላቸው፤ ትንሽ ወረድ ሲባል ደግሞ ሐ እና ኀ ያንኑ ድምፅ ይዘው ይመጣሉ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን ለልጅ በአንድ ቀን ማቅረብ ያለጥቅም ማደናገር ነው። ከየጥንዱ አንዱን አስለምዶ ሌላውን እንደ «ዓለም» እና «ሠርግ» ባሉ ቃላት ውስጥ ቆይቶ ማስተዋወቅ ይሻላል። ለመጀመሪያው ቀን ከልጁ ስም የተሻለ መነሻ የለም፤ ሰላም የምትባል ልጅ «ሰ»፣ «ላ» እና «ም»ን ለማወቅ ቅስቀሳ አያስፈልጋትም።

ተረት፦ ሁሉም ቅርጽ ለየብቻው መሸምደድ አለበት።

እውነታ፦ ፊደሉ ሥርዓት አለው። በብዙዎቹ ረድፎች ካዕቡ በቀኝ ጎኑ ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል (ቡ፣ ሱ፣ ኑ)፤ ሣልሱ ጭረቱን እግሩ ሥር ያወርደዋል (ቢ፣ ሲ፣ ኒ)፤ ኃምሱ እዚያው ቀለበት ይይዛል (ቤ፣ ሴ፣ ኔ)። ራብዑ እንደ ባ እና ሳ ባሉት ላይ ቀኝ እግሩን ያስረዝማል። ሳድሱ ግን አመለኛ ስለሆነ በልምድ ነው የሚያዘው፤ ረና ፈም ከደንቡ የሚያፈነግጡበት ቦታ አላቸው። ሰ፣ ተ እና ነ አናታቸው ላይ ጭረት ሲጨመር ሸ፣ ቸ እና ኘ ይሆናሉ። ይህን ለማሳየት ከተረፈ የዳቦ ሊጥ የሚሻል መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። በ ከሊጥ ይሠራል፤ ልጁ ትንሽ ቁራጭ ወገቡ ላይ ሲለጥፍበት ቡ፣ ወደ እግሩ ሲያወርደው ቢ፣ ሲያድቦለቡለው ቤ ይሆናል። አንድ ረድፍ በእጁ የሠራ ልጅ ቀጣዩን ራሱ መገመት ይጀምራል።

ተረት፦ እርሳስ ካልጨበጠ አልተማረም።

እውነታ፦ መለየት ይቀድማል። ጣቱ ያልጠነከረ ልጅ በአሸዋ ወይም ትሪ ላይ በተነሰነሰ ዱቄት በጣቱ ቢጽፍ ይበቃዋል።

ተረት፦ ሁለት ዓይነት ፊደል ልጅን ያምታታል።

እውነታ፦ ይህ ስጋት በአሜሪካና በእስራኤል በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ በብዛት ይሰማል። ልጆች ሁለት ጽሕፈት ጎን ለጎን መማር ይችላሉ፤ የአማርኛው ፊደል እንዲያውም የሚያግዝ ጠባይ አለው፤ «ባ» ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ስለሚይዝ የተለየው ፊደል ወዲያው ይነበባል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ጽሕፈቱ መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» በዓሉም «ገና አልመጣም» የሚባለውም በአንድ ዓይነት ይጻፋሉ። የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ቋንቋውን መስማት ብቻ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ያሉ ወላጆች ከቆርኪውና ከሊጡ እኩል በየምሽቱ በአማርኛ ተረት ይንገሩ፤ አማርኛን የማይሰማ ልጅ ፊደሉን ቢለይም የሚያነበው አይገባውም።