ምርመራ ያላለፈች መኪና
የደከመ የመኪና እግር በመጠነኛ ወጪ ስለሚጠገንበት መንገድ

በአንድ ቤት መኪና ካለች የእርሷ እርጅና የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱባት፣ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚደርስባት፣ ቤተ ዘመድም ለሠርግና ለለቅሶ የሚሰበሰብባት እርሷ ናት። ስለዚህ የዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ደርሶ፣ መኪናዪቱ በእግሯ መድከም ምክንያት «አላለፈችም» በተባለች ጊዜ፣ ቦሎ ሳይለጠፍላት ወደ ደጅ መመለሷ የመላውን ቤተ ሰብ ኑሮ ይነካል። ከዚህም ጭንቀት የተነሣ አንዳንዱ የተባለውን ዕቃ ሁሉ ለማስለወጥ ይበደራል፤ አንዳንዱም ምርመራውን በዘዴ ለማለፍ ያስባል። ሁለቱም መንገድ ለቤቱ አይበጅም።

አሮጌዋን ትቶ ሌላ መግዛትም ዛሬ ለብዙ ቤት የሚሞከር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፈለውን ግብር በእርጅናቸው መጠን አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ከ30 እና ከ40 ዓመት በፊት የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላ ወይም ላዳ በእጅ እስካለች ድረስ ተጠብቃ ልትያዝ የሚገባት ንብረት ናት። በጥገናዋም ገንዘብ የሚድነው ርካሽ ዕቃ በመፈለግ ሳይሆን፣ የተበላሸውን ካልተበላሸው ለይቶ በማወቅ እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

የመኪና እግር ሥራው ምንድር ነው?

በመኪና እግር ውስጥ ሦስት ዓይነት ዕቃዎች አሉ፤ ሥራቸውም ልዩ ልዩ ነው። የመጀመሪያው ሞላ ነው፤ በጭነት መኪናና በፒክአፕ የኋላ እግር ላይ ግን በሞላ ፈንታ ብዙውን ጊዜ ባሌስትራ ይገኛል። እርሱ የመኪናዪቱን ክብደት ይሸከማል። ሁለተኛው መካኒኮቻችን አሞርዛተር ወይም ሾክ አብዞርበር የሚሉት ነው። ክብደት የሚሸከመው እርሱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ሌላ ነው። ሞላ ጕድጓድ በመታ ጊዜ ይጨመቃል፤ ተመልሶም ይዘረጋል፤ የሚገታው ካላገኘ ደጋግሞ ይነጥራል። አሞርዛተሩ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ይህን መንጠር ያበርዳል። ሦስተኛዎቹ መጋጠሚያዎች ናቸው፤ እነዚህም ብራቾ የሚባለውን ክንድ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት የላስቲክ ቡሾች፣ ክንዱን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያገናኘው ቦልጆይንት፣ መሪው ጎማውን የሚያዝበት ታይሮድ፣ እንዲሁም መኪናዪቱ በመታጠፊያ ላይ እንዳታጋድል የሚረዳው የስታብላይዘር ሊንክ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለመቀመጫ ምቾት ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ ፍሬን መኪናን ሊያቆም የሚችለው ጎማው መሬቱን ሳይለቅ ሲቈይ ነው። አሞርዛተሩ ያለቀበት ጎማ በሸካራ መንገድ ላይ ይዘላል፤ በዘለለበትም ቅጽበት ፍሬኑ የቱንም ያህል ደኅና ቢሆን ሊያቆም አይችልም። ቦልጆይንት ከመጋጠሚያው ቢወልቅ ደግሞ ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል፤ መኪናዪቱም ለመሪ አትታዘዝም። ስለዚህ «አላለፈችም» የሚለው ቃል በኋላ ወንበር ስለሚቀመጡት ልጆች የተነገረ ማስጠንቀቂያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የምርመራውን ውጤት ማንበብ

በምርመራ ጣቢያ የአሞርዛተርን ጤና ለመለካት በብዙ አገር የሚሠራበት መሣሪያ ጎማውን በሚንቀጠቀጥ ሰሌዳ ላይ አቁሞ የሚመዝን ነው። መሣሪያው በንቅጥቃጤው መካከል ጎማው ሰሌዳውን የሚጫንበትን ዝቅተኛ ክብደት ወስዶ፣ ቆሞ ሳለ ከነበረው ክብደት ጋር ያነጻጽረዋል። ለምሳሌ ጎማው ቆሞ 300 ኪሎ ቢመዝን፣ በንቅጥቃጤውም ጊዜ ዝቅተኛው 150 ኪሎ ቢሆን፣ ውጤቱ 50 በመቶ ነው። ዝቅተኛው 60 ኪሎ ከሆነ ግን ውጤቱ 20 በመቶ ብቻ ስለሚሆን እግሩ እጅግ ደክሟል ማለት ነው። በአንድ መስመር ያሉት የግራና የቀኝ እግሮች ውጤት በብዙ ቢራራቅም ጥሩ ምልክት አይደለም። የመጋጠሚያዎች መላላት ግን በዚህ ቁጥር አይታወቅም፤ እርሱን መርማሪው ከሥር ሆኖ በዐይኑ አይቶና በእጁ ነቅንቆ ይለየዋል።

ስለዚህ ባለ መኪናው «እግሯ ተበላሽቷል» በሚለው ጥቅል ቃል ረክቶ መመለስ አይገባውም። የፊቱ ነውን ወይስ የኋላው? የግራው ነውን ወይስ የቀኙ? ቁጥሩ ስንት ነው? የላላውስ የትኛው መጋጠሚያ ነው? ይህን ጠይቆ፣ በጽሑፍ ይዞ መሄድ ይገባዋል። የጎማውም ነፋስ ከምርመራው በፊት በልኩ መሆን አለበት፤ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ራሱ ስለሚነጥር ውጤቱን ያለ አሞርዛተሩ ጥፋት ዝቅ ያደርገዋል።

በቤት ደጅ የሚደረግ ፍተሻ

ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ መኪናዪቱን መፈተሽ ብዙ ወጪ ያድናል። በመጀመሪያ በተስተካከለ መሬት ላይ አቁሞ፣ ከጎማው መካከል እስከ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር መለካትና ግራውን ከቀኙ ማስተያየት ነው። አንደኛው በግልጽ ዝቅ ካለ ሞላው ረግቧል ወይም ተሰብሯል። ሁለተኛ የመኪናዪቱን ማእዘን በኀይል ተጭኖ መልቀቅ ነው። ተነሥታ ወዲያው ከረጋች መልካም ነው፤ ደጋግማ ከተወዛወዘች አሞርዛተሩ አልቋል። ይህ ፈተና ግን ፈጽሞ ያለቀውን እንጂ በመድከም ላይ ያለውን አይለይም። ሦስተኛ የአሞርዛተሩን አካል በባትሪ ብርሃን መመልከት ነው። አቧራ የያዘ ጥቂት ወዝ አያስፈራም፤ ዘይት እርጥብ ሆኖ የወረደበት ግን መለወጥ ያስፈልገዋል። አራተኛ ጎማውን በመዳፍ መዳሰስ ነው። ዙሪያው ከፍና ዝቅ እያለ ተበልቶ ከሆነ የአሞርዛተር ድካም ምልክት ነው፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ የአላይመንት መዛባት ወይም የመጋጠሚያ መላላት ነው።

በመጨረሻ ጎማውን በክሪክ አንሥቶ፣ መኪናዪቱንም በጠንካራ መደገፊያ አስደግፎ ጎማውን መነቅነቅ ነው። ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተንቀጫቀጨ ቦልጆይንት ወይም ኩሽኔታ ላልቷል። ሁለቱን ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ መንቀጫቀጩ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦልጆይንቱ ይጠረጠራል። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ከተንቀጫቀጨ ታይሮዱ ይታይ። እዚህ ላይ የመኪናዪቱ አሠራር መታወቅ አለበት። በኮሮላ የፊት እግር ሞላውና አሞርዛተሩ በአንድ ቋሚ ላይ ስላሉ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ እንዲቀር ክሪኩ ከሻንሲው ሥር ይደረጋል። በላዳ ግን ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ክሪኩ ከዚያው ክንድ ሥር ካልሆነ የሞላው ግፊት የቦልጆይንቱን መላላት ይሸፍነዋል። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከመኪና ሥር መግባት ግን ለማንም አይገባም።

የሚቈጠብበትና የማይቈጠብበት

ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ወጪውን በሦስት መደብ ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያው መደብ ያሉት በጥቂት ገንዘብ ብዙ የሚያሻሽሉ ናቸው፤ እነርሱም የላስቲክ ቡሾችና የስታብላይዘር ሊንክ ናቸው። በኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚሰማው መንኳኳት ብዙ ጊዜ ከእነዚህ የሚመጣ ሲሆን፣ ባለ መኪናው ግን አሞርዛተር መስሎት ውዱን ዕቃ ያስለውጣል። ክንዱ ካልተጣመመና ካልዛገ፣ አሮጌውን ቡሽ በፕሬስ አስወጥቶ አዲስ ማስገባት ሙሉ ክንድ ከመግዛት እጅግ ይቀላል። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ እናሳስባለን፤ የቡሹ ቡሎን መጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናዪቱ በጎማዋ መሬት ላይ ስትቆም ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናዪቱ ስትወርድ ላስቲኩ እንደ ተጠመዘዘ ይቀርና ፈጥኖ ይቀደዳል። ይህን ለመካኒኩ ማስታወስ ምንም ወጪ የለውም።

በሁለተኛው መደብ ያሉት ተመርጠው የሚገዙ ናቸው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ኮሮላዎች በብዙዎቹ ላይ የፊቱ ቋሚ ተከፍቶ የውስጡ አሞርዛተር ለብቻው ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሙሉውን ቋሚ ከመግዛት በፊት ይህን መጠየቅ ነው። አሞርዛተርና ሞላ ግራና ቀኙ አብረው ይለወጣሉ፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናዪቱ በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ልታደላ ትችላለች። ፊቱ ስለ ተለወጠ ግን ደኅና የሆነውን የኋላውን መለወጥ ግዴታ አይደለም። ቋሚው ከተፈታ ዘንድ የላይኛውን የላስቲክ መቀመጫና የአቧራ መከላከያውን አብሮ ማየት ነው፤ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል። ባሌስትራ ላላት መኪናም የተሰበረውን ቅጠል ብቻ ማስለወጥ ይቻላል።

ከሶማሌ ተራና ከሌላም ቦታ ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው፣ ያልተጣመመ የብረት ክንድ ወይም ያልዛገ ደኅና ሞላ ቢገኝ መግዛቱ አይነቀፍም። ያገለገለ አሞርዛተር ግን ዕድሜው ከላይ ታይቶ ስለማይታወቅ ርካሽነቱ አያታልል።

ሦስተኛው መደብ ሕይወት የተንጠለጠለበት ስለ ሆነ ቍጠባ አይገባበትም፤ እርሱም ቦልጆይንትና ታይሮድ ነው። እነዚህ አዲስና የታመኑ ሆነው ይገዙ። የተሰበረ ሞላም አይበየድም፤ እሳት የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። በረገበ ሞላ መካከል ላስቲክ መሰካትም መኪናዪቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል እንጂ ሞላውን አያድሰውም። የተጨመቀን ሞላ ያለ ተገቢው ማሰሪያ መፍታት ደግሞ ሰው ስለሚገድል፣ ይህ ሥራ ለጋራዥ ይተው።

ሁለት ዓይነት ሒሳብ

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥ። የአንዲት አሮጌ ኮሮላ ውጤት የፊት ቀኝ 18 በመቶ፣ የፊት ግራ 35 በመቶ፣ የኋላው ደኅና፣ የቀኝ ቦልጆይንትም የላላ ነው እንበል። ባለ መኪናው ወረቀቱን ሳያሳይ «እግሯን ሥራልኝ» ቢል፣ አራት አሞርዛተር፣ አራት ሞላና ሁለት ክንድ የያዘ ሒሳብ ሊቀርብለት ይችላል። ወረቀቱን አሳይቶና ራሱ ፈትሾ ቢሄድ ግን የሚያስፈልገው ሁለት የፊት አሞርዛተር፣ አንድ ቦልጆይንት፣ የተቀደደ ከተገኘም ቡሽና በመጨረሻ አላይመንት ነው። ከፍታው በሁለቱም ወገን እኩልና በልኩ ከሆነ ሞላው ይቈያል። ይህም ቢከብደው ቦልጆይንቱን ወዲያው፣ የቀረውን በሚቀጥለው ደመወዝ ማሠራት ይችላል፤ እስከዚያው ግን መኪናዪቱ ከደጅ ትቁም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሁሉን በአንድ ቀን ለመጨረስ ከመቸኰል ተራውን መጠበቅ ይሻላል። ከተሠራም በኋላ አሮጌውን ዕቃ ከመካኒኩ ተቀብሎ ማየት ተገቢ ነው።

ለምርመራው ቀን ብቻ ደኅና ጎማ ወይም ሌላ ዕቃ ተውሶ አስገጥሞ፣ ቦሎ ከተለጠፈ በኋላ መመለስን እንደ ብልኀት የሚቈጥር ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው መርማሪውን አታለልሁ ይላል፤ ነገር ግን በማግስቱ በዚያች መኪና የሚሳፈሩት ሚስቱና ልጆቹ፣ በመንገድ የሚሻገረውም እግረኛ ናቸው። ለትውሱ የሚወጣውም ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለቡሽና ለሊንክ ዋጋ ሊተርፍ ይችል ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለመኪናም ይሠራል። ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ከላይ የተነገረውን ፍተሻ መድገም፣ የተለወጠውንም ዕቃ ከነቀኑ በአንድ ደብተር መጻፍ ይገባል። መኪናዪቱ ዳግመኛ ቀርባ ባለፈች ጊዜም የውጤቱን ወረቀት ከቀድሞው ጋር አያይዞ ማስቀመጥ ነው። በሚመጣው ዓመት 55 የነበረው 45 ሆኖ ቢገኝ፣ ባለ መኪናው ገና ሳይወድቅ ያውቃል፤ ለጥገናውም የሚሆነውን ገንዘብ ጥቂት በጥቂት ለማስቀመጥ ጊዜ ያገኛል።